በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ብናኝ፦ ምንጩን መለየትና ከቤታችን መቀነስ

(ለሰሜን ጎንደር ደጋ ወረዳዎች ሞዴል አርሶ አደሮች በጎንደር ከተማ በተሰጠ የበጋ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)



ከእናንተ መካከል ዛሬ ማለዳ ጎሃ ኮረብታ ላይ የወጣ ካለ፣ ከተማዋን ቁልቁል ሲያይ አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ፀሐይ ሳትወጣ ከቤቶቹ ጣሪያ በላይ ሰማያዊ መሳይ ጢስ እንደ ነጠላ ተዘርግቶ ይታያል። ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ስለሚከብድ ከኮረብታው ወርዶ ጎድጓዳው ቦታ ላይ ይተኛል። ከላዩ ያለው ሞቅ ያለ አየር ደግሞ እንደ አክንባሎ ይከድነዋል። ከየቤቱ የሚወጣው ጢስ መሄጃ አጥቶ እዚያው ይጠራቀማል፤ ረፋዱ ላይ መሬቱ ሲሞቅ ክዳኑ ይነሣና ጢሱም ይበተናል። በእናንተም ሸለቆዎች ይህ ነገር አለ፤ የለመደ ዓይን ሆኖብን አናየውም እንጂ።

ስለ አፈርና ውሃ ጥበቃ ብዙ ተነጋግረናል። ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አየር ነው። “የአየር ነገር ለጤና ጣቢያ እንጂ ለግብርና ምኑ ነው?” የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። እኔም መጀመሪያ እንደዚያው ነበር የማስበው። ነገር ግን የስንዴያችሁ በሽታ የሚመጣው በአየር ነው። የማሳችሁ ለምነት በከፊል የሚሄደው በአየር ነው። እንጀራ የምትጋግርላችሁ ባለቤታችሁ የምትተነፍሰውም ያንኑ አየር ነው።

በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ብናኝ ምን እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አይከብድም፤ አውድማ ላይ ትሠሩበታላችሁ። እህሉን በላይዳ ወደ ላይ ስትበትኑት ፍሬው እግራችሁ ሥር ይወድቃል። ገለባው ራቅ ይላል። እብቁ ከአውድማው ጠርዝ ያልፋል። ከእብቁ የቀለለውን አቧራ ግን ነፋሱ የት እንዳደረሰው አታዩም። ብናኝም እንዲሁ ነው፤ ትልቁ ቅርብ ይወድቃል፣ ትንሹ አገር ያቋርጣል።

መጠኑን ለመናገር ባለሙያዎች “ማይክሮን” የሚባል መለኪያ ይጠቀማሉ። አንድ ሚሊ ሜትር ለሺህ ቢከፈል አንዱ ክፋይ አንድ ማይክሮን ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮን ይሆናል። የስንዴ ዋግ ዘር፣ ስፖር የምንለው፣ ከ20 እስከ 30 ማይክሮን ነው። የእሳት ጢስ ብናኝ ግን አብዛኛው ከ1 ማይክሮን ያንሳል። ይህ ልዩነት ትልቅ ትርጉም አለው። ትልቁን ብናኝ አፍንጫና ጉሮሮ ይይዙታል፤ እናስነጥሳለን፣ እንተፋዋለን፣ ከአውድማ ስንመለስ አፍንጫችንን ስንጠርግ ጥቁር ሆኖ እናየዋለን። ከ2.5 ማይክሮን በታች የሆነው ግን ማንም አይዘውም፤ እስከ ሳንባ ጥግ ይደርሳል፣ ከሁሉም ያነሰው ደግሞ ወደ ደም ይገባል። በራዲዮ “ፒኤም 2.5” ሲባል የምትሰሙት ይህንን ነው። እንግዲህ የሚያስፈራው የሚታየው አቧራ ሳይሆን ዓይን የማይለየው ነው።

ነፋስ ብናኝ ምን ያህል እንደሚያጓጉዝ ለማወቅ የዋግን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። በ2010 እ.ኤ.አ. የመኸር ወቅት ቢጫ ዋግ በአገራችን ሲነሣ ኩብሳና ገለማ የተባሉት የስንዴ ዝርያዎች ክፉኛ ተመቱ፤ ከ600 ሺህ ሄክታር በላይ ስንዴ መነካቱ ተዘግቧል። ከዚያ በኋላ ብዙ ገበሬ ቢጫ ዋግን ይቋቋማል ወደተባለው ዲገሉ ዞረ። በ2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ አዲስ የግንድ ዋግ መጥቶ ዲገሉን ጣለው። ስፖሩ በነፋስ ይጓዛል፤ በአንድ ማሳ ላይ የበቀለው ዋግ ኬላ አያግደውም፣ የወረዳ ወሰንም አያውቅም። ስለዚህ የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ከዓለም አቀፉ የስንዴና የበቆሎ ምርምር ማዕከል፣ ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና ከእንግሊዝ የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት ጋር ሆኖ ስፖሩ በነፋስ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ የሚተነብይ የማስጠንቀቂያ ሥርዓት ዘርግቷል። በመስክ የታየው ዋግ ይመዘገባል፣ የነፋሱ አቅጣጫ ይሰላል፣ ማስጠንቀቂያው ወደ ልማት ጣቢያ ሠራተኞች ይወርዳል። ይህ ማለት እናንተ ማሳችሁ ላይ ዋግ አይታችሁ በዚያው ዕለት ብትናገሩ ነፋሱ ወደሚሄድበት ያለው ጎረቤታችሁ ለመርጨት ቀን ያገኛል ማለት ነው። ዝም ካላችሁ ግን ሥሌቱ ባዶ ነው። ማሽኑ ሰው ያላየውን አያይም።

አሁን ወደ መለካቱ ልምጣ። የማይታይ ነገር እንዴት ይለካል?

የሣር ክዳን ቤት ውስጥ ያደገ ሁሉ መልሱን አይቶታል። በክዳኑ ቀዳዳ የፀሐይ ጨረር ሲገባ በጨረሩ ውስጥ አቧራው ሲጨፍር ይታያል፤ ከጨረሩ ውጪ ግን ቤቱ ንጹሕ ይመስላል። አቧራው የነበረ ነው፤ ያሳየው ብርሃኑ ነው። ዛሬ በእጅ የሚያዙ ትናንሽ መለኪያዎች የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ትንሽ ማራገቢያ አየሩን ወደ ውስጥ ይስባል፣ ቀጭን ብርሃን ያልፍበታል፣ ብናኙ ብርሃኑን ሲበትነው መሣሪያው ይቆጥራል። ሌላው ዘዴ የቆየ ቢሆንም ይበልጥ የሚታመን ነው። ነጭ ማጣሪያ በጣም ስስ በሆነ ሚዛን ይመዘናል፣ ፓምፕ ለአንድ ቀን አየር ያሳልፍበታል፣ እንደገና ይመዘናል። የጨመረው ክብደት ብናኝ ነው። ክብደቱ በማይክሮግራም ይነገራል፤ አንድ ግራም ለሚሊዮን ሲከፈል አንዱ ማለት ነው። በአዲስ አበባ የአሜሪካ ኤምባሲ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየሰዓቱ እንዲህ ያለ ልኬት ያካሂድ ስለነበር የከተማዋ አየር በጠዋትና በማታ እንዴት እንደሚለዋወጥ በቁጥር ታይቷል።

ምን ያህል ብናኝ እንዳለ ማወቅ ብቻውን ግን አይበቃም። የማን እንደሆነ ካልታወቀ ምን ይደረጋል? ነፋስ ከሱዳን በኩል ያመጣውን አቧራ እኔም እናንተም ልናስቆመው አንችልም። ከጓዳችን የሚወጣውን ግን እንችላለን። ስለዚህ የተፈጥሮውን ከሰው ሠራሹ መለየት ያስፈልጋል። ማጣሪያው ላይ የተያዘው ነገር በቤተ ሙከራ ሲመረመር ሲሊከን፣ አልሙኒየምና ብረት ከበዙ ከአፈር የመጣ ነው። ሶዲየምና ክሎሪን ማለትም ጨው ከታየ ከባሕር የመጣ ነው። ጥቁር ካርቦንና ፖታሲየም አብረው ከበዙ ደግሞ እንጨት፣ ሣር ወይም ኩበት የነደደበት ጢስ ነው። ፖታሲየሙ ለምን እንደሚገኝ እናንተ ታውቁታላችሁ፤ አመድ ማሳ ላይ ስትበትኑ የምትፈልጉት ያንኑ ነው። ቀለሙም ይናገራል፤ አፈር ማጣሪያውን ቡናማ ወይም ቀላ ያለ ያደርገዋል፣ እሳት ያጠቁረዋል። ጥቁረቱን በመለካት ብቻ የጢሱን ድርሻ የሚነግሩ መሣሪያዎችም አሉ።

ይህ የመለየት ሥራ በሰፊው የተሠራበት ቦታ ከእኛ በጣም ሩቅ ነው፤ በደቡብ አሜሪካ ያለው የአማዞን ዝናባማ ደን። የእኛዎቹን የከፋን፣ የሸካንና የሐረና ደኖች ያያችሁ ምን ዓይነት ደን እንደሆነ ይገባችኋል፤ አማዞን ግን ከኢትዮጵያ ቆዳ ስፋት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። እዚያ ብራዚልና ጀርመን በጋራ 325 ሜትር ከፍታ ያለው የልኬት ማማ ደኑ መካከል አቁመው በ2015 እ.ኤ.አ. አስመርቀዋል። የተመረጠበት ምክንያት ቀላል ነው። በዝናብ ወራት የደኑ አየር በምድር ላይ ካሉት እጅግ ንጹሐን አየሮች አንዱ ነው፤ ከባቄላ ፍሬ ብዙ በማይበልጥ ቦታ፣ በአንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ ውስጥ፣ ጥቂት መቶ ብናኝ ብቻ ይገኛል። ያም ቢሆን ደኑ ራሱ ያወጣው ነው፦ ዛፎች ከሚተነፍሱት ሽታ የሚረጋ ጥቃቅን ነገር፣ የፈንገስ ስፖር፣ የአበባ ዱቄት። ሰው ደኑን በሚያቃጥልበት የደረቅ ወቅት ግን ቁጥሩ ወደ ሺዎች ይወጣል። ንጹሑ ቦታ ምን እንደሚመስል ካወቁ በኋላ የሰው እጅ ምን ያህል እንደጨመረ መናገር ይቻላል።

በዚያ ልኬት ውስጥ እኔን ያስገረመኝ ነገር ይህ ነው። የአማዞን አፈር በዝናብ የታጠበና ፎስፈረስ ያጠረው ነው፤ እናንተ ኤንፒኤስ ማዳበሪያ የምትገዙበት ምክንያት ማለት ነው። ታዲያ ደኑ ማዳበሪያውን ከየት ያገኛል? ከ2007 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. በሳተላይት በተደረገ ልኬት ከሰሃራ በረሃ የሚነሣ አቧራ ውቅያኖስ ተሻግሮ በየዓመቱ በአማካይ 27.7 ሚሊዮን ቶን ያህል አማዞን ላይ እንደሚወርድ ተገምቷል። በውስጡ ወደ 22 ሺህ ቶን፣ በእኛ አቆጣጠር 220 ሺህ ኩንታል ፎስፈረስ አለ። አቧራው ከሚነሣባቸው ቦታዎች አንዱ ቻድ ውስጥ ቦዴሌ የተባለ የደረቀ የሐይቅ ወለል ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በአፍሪካ ከሚነደው ሣርና እንጨት የሚነሣው ጢስም ፎስፈረስ ይዞ እዚያ እንደሚደርስ አሳየ። እኛ የምናቃጥለው የሌላውን ደን ያዳብራል ማለት ነው።

ብናኝ ከዝናብም ጋር ነገር አለው። የዝናብ ጠብታ በባዶ አየር አይረጋም፤ ተን የሚይዘው ብናኝ ይፈልጋል። ስለዚህ መጠነኛ ብናኝ ያስፈልጋል። ጢስ ሲበዛ ግን ያው ተን ለብዙ ብናኝ ይከፋፈልና ጠብታዎቹ አንሰው ቶሎ አይወርዱም፤ ይህ በአማዞን ላይ ተለክቶ ታይቷል። የእኛ ክረምት ሲዘገይ ግን ዋናው ነገር ከሩቅ ያሉት ውቅያኖሶች ሙቀትና የነፋሱ አካሄድ ስለሆነ፣ ዝናብ በቀረ ቁጥር ጎረቤት ቃጠሎ ላይ ማሳበቡን እንተው።

ወደ ደጋችን እንመለስ። በእኛ ሰማይ የተፈጥሮውና የሰው ሠራሹ ብናኝ ወቅት አላቸው። መስከረም ሲጠባ ሐምሌና ነሐሴ አየሩን አጥበውት ስለሚሄዱ ሩቅ ተራራ ሁሉ ቅርብ መስሎ ይታያል። በጋው እየገፋ ሲሄድ ግን አድማሱ ይደበዝዛል። ከሱዳንና ከሰሃራ በኩል፣ አንዳንዴም ከአፋር ዝቅተኛ ቦታዎች የሚነሣ አቧራ አለበት። ቆላ ላይ ለሰሊጥ እርሻ የሚመነጠረው ቁጥቋጦ ሲቃጠል ጢሱ አለ። ቤት ውስጥ የሚነደው አለ። የራሳችን ማሳም አለ፤ ደርቆ ደጋግሞ የታረሰና እርቃኑን የቀረ መሬት ነፋስ ሲያገኘው መጀመሪያ የሚሰጠው ደቃቁንና ለሙን አፈር ነው። ያ አቧራ ለእናንተ የጤና ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የማሳችሁ ምርጥ ክፍል ነው። ቃርሚያውን መሬት ላይ ትታችሁ ከብቱን ብትከለክሉ ቢያንስ በከፊል ይያዛል። ከብቱ ግን መኖም ይፈልጋል፤ እዚህ ላይ ቀላል መልስ እንደሌለ አውቃለሁ።

ቃጠሎ ከእጅ ሲያመልጥ ምን እንደሚሆን ደግሞ የደባርቅና የጃናሞራ ሰዎች ከእኔ ይልቅ ትናገራላችሁ። በ2011 ዓ.ም. በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል ጓሳው፣ አስታውና ጅብራው ሲነድ አይታችኋል። የአካባቢው ሕዝብ በቅጠልና በአፈር ታገለው፤ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት ባለሙያዎች እስኪመጡ ድረስ ደረሰ። ያን ሰሞን በጢሱ የዓይን ማቃጠልና ሳል የነበረበት ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ አይጠፋም። እሳቱ ሲጠፋ ሁላችን እፎይ አልን። ትክክል ነበር። ነገር ግን በየቀኑ በየጓዳችን የሚነደውን እሳት ማንም ሄሊኮፕተር አያመጣለትም።

ስለዚህ ጓዳ ትንሽ ልቆይ። እዚህ ከተቀመጣችሁት የምትበዙት ወንዶች ናችሁ። እኔም ወንድ ነኝ፤ ማድቤት የምንገባው እሳት ለመጫር ወይም “ደረሰ ወይ?” ለማለት ነው። እናቴ በሳምንት ሁለት ጊዜ ትጋግር ነበር። የክረምቱ እርጥብ እንጨት አልነድ ሲላት ጎንበስ ብላ እፍ ትላለች፤ ትንሿን እህቴን በአንቀልባ አዝላ። ዓይኗ ሲያለቅስ እኛ ልጆቹ እንስቅ ነበር። ኋላ ሳሏ ሲበረታ “ብርድ ነው” ተባለ። ዳማከሴም ተደረገ፣ ፌጦም ተደረገ፣ ጠበልም ተሄደ። ማንም ስለ ምጣዱ አላነሣም። እኔም የተማርኩት ልጅ አላነሣሁም።

ቁጥሩን ልንገራችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ በአንድ ቀን ውስጥ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ያለው ደቃቅ ብናኝ ከ15 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። አንድ ሜትር ኩብ ማለት በሁሉም በኩል አንድ ሜትር የሆነ ሣጥን ነው። በክፍት ጉልቻ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት በማድቤት ውስጥ ሲለካ ከሺህ ማይክሮግራም በላይ ማግኘት የተለመደ ነው። በቀኑ አማካይ ሲሰላ ይቀንሳል፤ ሆኖም ከመመሪያው ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ከተማ ውስጥ መኪና በሚጨናነቅበት መንገድ ዳር ቆሞ ከሚውል ሰው ይልቅ ንጹሕ አየር አለው በምንለው ደጋ ላይ የምትጋግር እናት የምትተነፍሰው ጢስ ይብሳል ማለት ነው። ድርጅቱ በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ሰው በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት እንደሞተ ይገምታል፤ ከእነዚህ ውስጥ ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። የሳንባ ምች፣ የልብ ሕመም፣ የማያቋርጥ ሳል፣ የዓይን ሞራም ከዚሁ ጋር ይያያዛል።

አሁን ደግሞ ሥልጠና ላይ ብዙ ጊዜ የማይነገረውን እነግራችኋለሁ። “ምርጥ ምድጃ ውሰዱ፣ ችግሩ ያበቃል” ብላችሁ ብትሰሙ ሙሉ በሙሉ አትመኑ። በማላዊ ከ10 ሺህ በላይ ሕፃናት ባሉባቸው መንደሮች የተሻሻለ ምድጃ ተሰጥቶ ክትትል ተደረገ፤ ውጤቱ በ2016 እ.ኤ.አ. ሲወጣ በምድጃው ምክንያት የሕፃናቱ የሳንባ ምች አልቀነሰም። በእኛው ሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ በእንጀራ ምድጃ የተደረገ ተመሳሳይ ሙከራም የልጆቹን የሳንባ ምች ጉልህ በሆነ መጠን ሲቀንስ አላየም። ለምን? በእኔ አስተያየት ነገሩ ከልኬቱ ግልጽ ነው። ሺህ የነበረውን ጢስ በግማሽ ብትቀንሱት አምስት መቶ ነው፤ ሳንባ አምስት መቶውንም አይችለውም። ደግሞም ምድጃው ለእንጀራ ሲሆን ወጡና ቡናው እዚያው ክፍት እሳት ላይ ይሠራል። ይህን የምለው ምድጃው አይጠቅምም ለማለት አይደለም። ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ፣ ከሸክላ የሚሠራው ጎንዚዬም ከክፍት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸሩ ማገዶ በእጅጉ ይቆጥባሉ፤ ምርጥ ምድጃ እስከ ግማሽ ይቆጥባል። እጅና ቀሚስ ከማቃጠልም ያድናሉ። ግን ጢሱ መውጫ ከሌለው ምድጃው ብቻውን በቂ አይደለም። ከምጣዱ ፊት ለፊትና ከጣሪያው ሥር መውጫ ክፈቱለት። ማድቤቱ ከመኝታ ቤቱ ቢለይ የተሻለ ነው። ሲጋገር ሕፃን አንቀልባ ላይ አይሁን፤ ያን ሰዓት ልጁን የሚይዝ ሰው ካስፈለገ አባት አለ።

እንጨቱም ይድረቅ። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሙቀቱ ውሃውን ለማትነን ያልቃል፣ የተረፈው ጢስ ይሆናል። ቁረጡ፣ ፍለጡ፣ ከዝናብ ተከልሎ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ከምሩት። ለዘንድሮ ክረምት የሚነደው ከአሁኑ መቆረጥ አለበት። ገንዘብ የማይጠይቅ ከዚህ የቀለለ ሥራ አላውቅም።

ኩበትስ? ባለፈው ሥልጠና አንድ አርሶ አደር “ኩበት አታንድዱ ትላላችሁ፤ ታዲያ በእግራችን እንጋግር?” ብሎ አዳራሹን አስቆን ነበር። ልክ ነው። ደባርቅ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ብርዱም አለ፣ እንጨቱም አልቋል። “አታንድዱ” ብዬ አልሄድም። ግን ምን እንደሚነድ እወቁ። ኩበት ከማገዶዎች ሁሉ እጅግ ጢሳም ነው። ሲነድ በውስጡ ያለው ናይትሮጅን ማለትም ዩሪያ ገዝታችሁ የምታመጡት ነገር፣ ከጢሱ ጋር አብሮ ይሄዳል። ለአፈሩ እርጥበት የሚይዘው ብስባሽም ይጠፋል። ፎስፈረሱና ፖታሲየሙ ግን አብዛኛው አመዱ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ኩበት ካነደዳችሁ ቢያንስ አመዱን አትድፉ። አሲዳማ ማሳ ላለው ሰው አመድ እንደ ኖራ የአፈሩን ኮምጣጣነት ይቀንሳል፤ ገብስና ባቄላ ይወዱታል። ከዝናብ ከልላችሁ አጠራቅሙና በእርሻ ጊዜ በትኑት። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ አመድን ከዩሪያ ጋር ቀላቅላችሁ አትበትኑ። ሲገናኙ ናይትሮጅኑ በአሞኒያ መልክ ይተናል፤ ያ ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ገንዘባችሁ ሲሄድ ነው። በመካከላቸው ጥቂት ሳምንታት ይኑር።

ክረምት ላይ ያለው እበት እንደሆነ ለኩበት አይደርቅም፤ እሱን ሙሉ በሙሉ ለኮምፖስት አውሉት። ቢያንስ አራት የቀንድ ከብት ያለውና ውሃ የሚቀርበው ሰው ደግሞ የባዮጋዝ ጉድጓድ ያስብበት። ጋዙ ያለ ጢስ ይነዳል፣ ዝቃጩ ናይትሮጅኑን እንደያዘ ወደ ማሳ ይመለሳል። ከእኔ የሰማሁት ብላችሁ እንዳታዝኑብኝ አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ በደጋ ብርድ ጋዙ ይቀንሳል፣ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር። ጉድጓዱን ፀሐይ በሚያገኘው ቦታ ማድረግና ላዩን በገለባ ማልበስ ይረዳል። ለምጣድ እንጀራ አይበቃ ይሆናል፤ ለወጥ፣ ለቡናና ለሻይ ግን ይበቃል።

የመጨረሻው ነገር የቤት ሥራ ነው። መሣሪያ ለሁላችሁ ማዳረስ አንችልም፤ ግን የብናኝን ምንጭ በቀለም መለየት እንችላለን። ከአዳራሹ ስትወጡ በር ላይ እያንዳንዳችሁ ሦስት ትናንሽ መስታወትና ጥቂት ቫዝሊን ትወስዳላችሁ። ቫዝሊኑን በስሱ ቀቡት። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ጠዋት አንዱን ማድቤት ውስጥ የምትጋግረዋ ሴት ስትቀመጥ ፊቷ በሚሆንበት ከፍታ፣ አንዱን ከቤት ውጪ ጣሪያው ሥር፣ ሦስተኛውን ማሳችሁ ዳር አጥር እንጨት ላይ አስቀምጡ። ማታ አንሱት። ይህ ደቃቁን ብናኝ ቆጥሮ አይነግራችሁም፤ ቫዝሊኑ የሚይዘው በአብዛኛው ትልቁን ነው። ቢሆንም ቡናማው ከአፈር፣ ጥቁሩ ከእሳት መሆኑን በዓይናችሁ ታያላችሁ። ስንዴ የዘራችሁ ደግሞ በመኸር ወቅት የማሳውን መስታወት ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው ብታሳዩ በማጉያ የዋግ ስፖር ሊታይበት ይችላል።

ከቻላችሁ መስኮት ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ጊዜ፣ ከከፈታችሁ በኋላ ደግሞ ሌላ ጊዜ አድርጉት። ማድቤት የሚገባውን መስታወት ባለቤቶቻችሁ ራሳቸው ያስቀምጡት፤ የት መሆን እንዳለበት ከእኛ ይልቅ እነሱ ያውቃሉ። በዝናብ ቀን አታድርጉት። ቀኑን፣ ቦታውንና የነደደው እንጨት ይሁን ኩበት በወረቀት ጽፋችሁ ከጀርባው ለጥፉ፣ ፊቱ እንዳይነካካ በካርቶን ውስጥ አድርጋችሁ ለሚቀጥለው ሥልጠና ይዛችሁ ኑ። ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ ደርድረን አንድ ላይ እናያቸዋለን።